ለጀናዛ የቆምኩበት ሩጫ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ያን ጊዜ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰዓት ሌላ የማሳርፍበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው። ሐይቅ ከተማ ባለችው ትንሽ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ተቀምጠን፣ አለቃችን አንድ ደብዳቤ አነበቡልን። በከተማውና በአካባቢው ተከታታይ የጎዳና ሩጫ ይካሄዳል፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሁለት ሴት ሯጮች ያቀርባል። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ክፍሉን ቃኙ። ሴቶቹ አምስት ነበርን። አንዷ እርጉዝ ናት፣ ሁለቱ ጡረታ የደረሱ ናቸው፣ አራተኛዋ እኔ ነኝ። አምስተኛዋ በዚያች ደቂቃ ፔርሙስ ይዛ የገባችው፣ ግቢው ውስጥ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ናት።

«አንቺ ቀጭን ነሽ» አሉኝ አለቃዬ።

«ቀጭን ሁሉ ይሮጣል እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። «ሸንበቆም ቀጭን ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ዳር ኖሬ ሲሮጥ አላየሁም።»

ሰው ሳቀ። እኔ «እሺ» አልኩ። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት በደንብ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እሺ ካልኩ ሰው ዓይኑን ከላዬ ላይ ቶሎ እንደሚያነሳ ነው። ሻይ አፍዪዋም ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጥ ሁለተኛ ሯጭ ሆና ተመዘገበች። እሷ ግን አልከፋትም። ስድስት ዓመት ሳውዲ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ በእኔና በእሷ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት አንድ ዓመት ነው።

«የማጸዳው ባለ አራት ፎቅ ቤት ነበር» አለችኝ ስንወጣ። «በቀን ስንቴ እንደምወጣና እንደምወርድ ብነግርሽ፣ አንቺ በመስማት ብቻ ትደክሚያለሽ። ሊፍት አለው። ሊፍቱ ግን የእነሱ ነው።»

የመጀመሪያው ሩጫ አምስት ኪሎ ሜትር ነበር። ምንም ሳልለማመድ ገባሁበት። ግማሹ ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀና በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። መንገዱ ዳር ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት አገዳውን እየላጠች ታየን ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ ሲደርስ ቢላዋዋን አቆመች።

«እህቴ» አለችኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «በእግርሽ ለመሄድማ ዘንቢል ይዘሽ ብትወጪ ኖሮ፣ ገበያውንም እግረ መንገድሽን ታደርሺ ነበር።»

ከጎኗ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም፤ እኔም ሌላ ሰው ብሆን እስቅ ነበር። ግን አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው ተራመድኩ። ማሸነፍ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሩጫ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳልቆምና በእግሬ ሳልሄድ መጨረስ። ለማንም አልነገርኩም። ለሰው ለመናገር ትንሽ ነገር ነበረች፤ ለእኔ ግን ትንሽ አልነበረችም።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ መሮጥ ጀመርኩ፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ሱሪ ላይ ረጅም ቀሚስ እደርባለሁ፤ ሂጃቤን አንገቴ ላይ አጠብቀዋለሁ። ቀሚሱ ጠል ይጠጣና ወደ መጨረሻው ላይ ቁርጭምጭሚቴን በጥፊ ይመታኛል። መረባቸውን ተሸክመው የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች ሰላምታ ሲሰጡኝ፣ ትንፋሼ ስለማይበቃ በእጄ ብቻ እመልሳለሁ። ከዚያ ውሃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ቁርስ፣ ቢሮ። ቢሮ ውስጥ ከአምስት ሰዓት በኋላ ፊደሎቹ መንታ መንታ ሆነው ይታዩኛል። ሰው ስፖርት ያነቃል ይላል። እኔን አላነቃኝም። ለሦስት ወር ያህል እንቅልፌን ከኋላዬ እየጎተትኩ ኖርኩ።

እናቴ አንድ ቀን እግሬን በሞቀ ውሃና በጨው ስዘፈዝፍ አየችኝ።

«ልጄ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

ውሃው ላይ አንድ እፍኝ ጨው ጨመርኩ።

ሁለተኛው ሩጫ ጎረቤታችን ውጫሌ ከተማ ላይ ነበር። በሚኒባስ ሄድን። በመጨረሻው ዳገት ላይ ጎኔን ውጋት ያዘኝና መቶ ርምጃ ያህል በእግሬ ሄድኩ። ሻይ አፍዪዋ አምስተኛ ወጣች። ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ መኪናው ሲነጥር ዓይኗን ሳትገልጥ ጠየቀችኝ።

«ሄድሽ እንዴ?»

ምን እንደምፈልግ ሳልነግራት ገብቷት ኖሯል። «ሄድኩ» አልኳት።

«ስንት?»

«መቶ ርምጃ።»

«በሳውዲ ደረጃ አንድ ፎቅ ነው። አብሽሪ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ሦስተኛው እንደገና ሐይቅ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ሆነ። ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋናው አስፋልት አራት ሄዶ አራት መመለስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ተገኙ ተባልን። መንገዱ ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ለመኪና ይዘጋል፤ ፀሐይ ሳትከር ይጠናቀቃል ነው የተባለው። ቁጥራችንን በመርፌ ቁልፍ ደረታችን ላይ አስይዘን በብርዱ ቆምን። የክብር እንግዳው ዘገዩ። እንግዳው ሲመጡ ደግሞ ምርቃቱ ተጀመረ።

ወሎ ላይ ምርቃት አያጥርም። ያለ ምርቃት የሚጀመር ነገርም የለም። ሼኹ በትራቸውን ተደግፈው መሬቱ እንዲለሰልስልን፣ ጉልበታችን እንዲጠና፣ ዝናብ በጊዜው እንዲመጣ፣ በሰው አገር ያሉ ልጆች በሰላም እንዲመለሱ መረቁ። እኛም በየመሐሉ አሚን አልን። ቀጥለው ቄሱ መረቁ፤ እሳቸውም ከሼኹ ማነስ አልፈለጉም። ከዚያ አንድ ሌላ ሽማግሌ «እኔ አንዲት ቃል ብቻ» ብለው ተነሱ። እጃችንን ዘርግተን እንደቆምን ፀሐይዋ ከተራራው ራስ ላይ ወጥታ ፊታችን ላይ አረፈች።

«በአሚን ብዛት ቢሆን ኖሮ አሸንፈናል» አለችኝ ሻይ አፍዪዋ በጆሮዬ።

ስንነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ብንነሳ ኖሮ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ነገር አይፈጠርም ነበር። እግሮቼ መሮጥ ሳይጀምሩ በመቆም ደክመዋል።

ቢሆንም መሄጃውን በደህና ጨረስኩት። ማዞሪያው ላይ የቆመ ዳኛ የእጃችን ጀርባ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ያሳርፋል፤ ሳልቆም፣ ባለሁበት እየረገጥኩ አስመታሁ። መልሱ ላይ ስድስተኛውን ኪሎ ሜትር ሳልፍ አሁንም እየሮጥኩ ነበር። ሻይ አፍዪዋ ከፊቴ ራቅ ብላ፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ፣ መሬት መሬቱን እያየች ትሮጣለች። ከእኔ ጎንና ጎን ጥቂት ወንዶች ነበሩ፤ እነሱም እንደ እኔ የደከሙ። ውጋቱ ጀመረኝ። አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበረ። የቀረኝ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ያም እንደማያልቅ ሆኖ ታየኝ።

በስተቀኝ ካለው ኮረብታ፣ ከቁልቋሉ አጥር በላይ፣ የነጭ ልብስ ጭፍራ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ላ ኢላሃ ኢለላህ እያሉ፣ በዝግታ፣ በአንድ አፍ። ጀናዛ ነው። ሌሊት የሞተ ሰው ወደ ቀብር እየወሰዱ ነው። የገጠሩ መንገድ አስፋልቱን አቋርጦ ማዶ ወዳለው መቃብር ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ ሁሉም ይቆማል። መኪናም ይቆማል። ወንድ ከሆነ ትከሻውን ሰጥቶ ጥቂት ርምጃ ይሸኛል፤ ሴት ከሆነች ባለችበት ጸጥ ብላ ትቆማለች። ይህን ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ አብሮን ያደገ ነው።

ሻይ አፍዪዋ የሁለቱን መንገዶች መገናኛ አልፋ ስትሄድ ጀናዛው ገና ከቁልቋሉ በላይ ነበር። ቀና ብላ ብታይም እንኳ ከዚያ ቦታ አይታይም። እኔ ግን አየሁት፤ ርቀቱንም ለካሁት። ነገርን አስልቼ የማደርግ ሰው ነኝ። እነሱ ዘንድ ያለው ይህን ያህል፣ እኔ ዘንድ ያለው ይህን ያህል። በያዝኩት ርምጃ ብቀጥል ቀድሜያቸው አልፋለሁ። ይህን በእርግጠኝነት አውቄያለሁ።

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

በእግሬ አልሄድኩም። ሩጫ የሚመስል ነገር እያደረግኩ፣ ርምጃዬን እያሳጠርኩ፣ እነሱ እስኪወርዱ ጠበቅኩ። ዓይኔ ቃሬዛው ላይ ነበር። ቶሎ ድረሱ እል ነበር በልቤ። ቃሬዛው አስፋልቱን ሲረግጥ እኔ አሥር ርምጃ ያህል ይቀረኛል። ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ መቆም የለም። አየር ወደ ደረቴ ሲመለስ፣ ውጋቱ ጣት በጣት ሲለቀኝ ይሰማኛል። ሰው ሞቶ እያለፈ እኔ ዕረፍቴን አጣጥማለሁ።

አብረውኝ የነበሩት ወንዶች ሳይነጋገሩ ወደ ቃሬዛው ሄዱና ትከሻቸውን ሰጡ። ቁጥር ደረታቸው ላይ የተለጠፈ ላብ በላብ የሆኑ ልጆች አንድ ሽማግሌ ተሸክመው ሄዱ። አንዱ ቁምጣ ለብሶ ነበር፤ ከቀባሪዎቹ መሐል አንድ አዛውንት ነጠላቸውን አውልቀው ወገቡ ላይ አሸረጡለት። በሞተር የሚከተለን ዳኛ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከኋላው ተቀምጦ ሰዓት የያዘው ሰውዬ ሰዓቱን ያቁም አያቁም ግራ ገብቶት አንዴ እጁን አንዴ ጀናዛውን ያያል። መንገዱ ተዘግቶበት ዳር ይዞ የነበረው የሲኖትራክ ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ መሪው ላይ አኖረ።

ጀናዛው ማዶ ሲሻገር ልጆቹ ተመልሰው መጡና እንደገና መሮጥ ጀመርን። እግሬ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ዐርፎም ነበር። ከኋላ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ።

ሜዳው ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ በሞንታርቦ ጀናዛ አክብረው የቆሙት ሯጮች ተመሰገኑ። «ከሴቶች ደግሞ» አለ አስተዋዋቂው፣ የመሥሪያ ቤታችንን ስም ጠርቶ እኔን ወደ መድረክ ጠራኝ። የምስክር ወረቀትና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ሰጡኝ። አለቃዬ ከፊት ወንበር ተነስተው አጨበጨቡ። አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን አፌ ሥር አመጣው።

«ምን ተሰማሽ?»

የተሰማኝን አውቀዋለሁ። ሕዝቡን አየሁ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ጭብጨባው በረታ።

ስወርድ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ያቺ ሻይ የምታፈላዋስ? አይታ ጥላው አለፈች አሉ።»

«ዓረብ አገር እኮ ልብ ያደርቃል።»

ሻይ አፍዪዋ ከአጠገባቸው ቆማ ሹራቧን ታጥፍ ነበር። አራተኛ ወጥታለች፤ ሽልማቱ እስከ ሦስት ነው። ሰምታቸዋለች። እኔም ሰምቻለሁ። ጃንጥላውን በብብቴ ያዝኩና ወጣን።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄ ላይ ያለውን ጃንጥላ አየችው። «ያዥው፣ ክረምት መምጣቱ አይቀርም» አለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «እኔ መሬት ነው የማየው። ቀና ካልኩ እወድቃለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ? ከሩቅ አላየሽውም ነበር?»

«አይ፣ ድንገት ነው» አልኳት።

እናቴ የምስክር ወረቀቱን ጎረቤት ዘንድ ይዛው ሄዳ ተመለሰች። «አሁን ገባኝ» አለችኝ፣ «ለካስ ለዚህ ነው የምትሮጪው።» ምሳ አቀረበችልኝ፤ አንድ ጊዜ ጎርሼ ገበታውን መለስኩላት። ደክሞኛል አልኩና ገብቼ ተኛሁ። እሱ እውነት ነበር።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሻይ አፍዪዋ ከሥራ በፊት በራችን ላይ መጣች። ጥቁር ዓባያዋን ለብሳለች።

«ተዕዚያ እንሂድ፣ ለቅሶ እንድረስ» አለችኝ። «ሰውዬውን ጥላ አለፈች ከተባልኩ ወዲያ መቅረት አልችልም። ብቻዬን ብሄድ ደግሞ ዓይናቸው ይበላኛል።»

በባጃጅ እስከ መገናኛው ሄድንና ኮረብታውን በእግር ወጣን። ጭኔ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ በየርምጃው እናቴ ልትሰማው የሚገባ መሐላ አመለጠኝ፤ ወላሂ ሁለተኛ አልሮጥም የሚል። ቤቱ ደጃፍ ላይ ሸራ ተዘርግቶ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከውስጥ ናቸው። ገብተን «አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» አልን።

አንዲት ሴትዮ አወቀችኝ። «ይቺ ናት የቆመችው። ነይ እዚህ፣ አላህ ይክፈልሽ» ብላ ጠጋ አለችልኝ። ሁሉም ጠጋ ጠጋ አሉ። ለሻይ አፍዪዋ ግን የተጠጋ የለም። ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ያቺስ ያለፈችዋ ናት?» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማት አድርጋ።

ሰው በተሰበሰበበት መናገር አልችልም። ተማሪ ሳለሁ ጽሑፍ ሳቀርብ ድምፄ ጠፍቶ ሌላ ልጅ አንብቦልኛል። እዚያ ቤት ግን ገና ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ ተናገርኩ፤ መሬቱን እያየሁ።

«እሷ ስታልፍ ጀናዛው ገና ከቁልቋሉ በላይ ነበር። አላየችውም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያየሁት። ቀድሜ ማለፍ እችል ነበር። ደክሞኝ ስለነበር እንዲደርስብኝ ብዬ ቀስ አልኩ። የቆምኩት ለእሳቸው ብዬ አይደለም።»

አንዲት አሮጊት መቁጠሪያቸውን ይዘው «ኒያዋን፣ የልቧን ሐሳብ፣ ለምን ታወጣለች? አላህ ያውቀው የለ» አሉ ለራሳቸው። ሻይ አፍዪዋ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ፊቷ አልተናገረም።

የሟቹ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስምንት።»

«ስምንት» አለች፤ እንደሚመዝን ሰው። «እኔ አባቴን ሁለት ዓመት አልፎኛል ሳገላብጣቸው። ሽንታቸውንም፣ ጉርሻቸውንም፣ ሌሊታቸውንም። ቅዳሜ ለእሑድ ነፍሳቸው ስትወጣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዛሬ እተኛለሁ የሚል ነው።»

«አስተግፊሩላህ በይ አንቺ» አለች አንዷ።

«እላለሁ። ስነቃ እላለሁ» አለች የሟቹ ልጅ። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን ጣይና ግቢ። ብርዱን እያስገባሽብን ነው» አለቻት። ራሷ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ቦታ አበጀችላት።

ወዲያው ከጓዳ አንድ ሣፋ ሙሉ ሽንኩርት መጣ። ለለቅሶተኛው ምሳ ነው። የሟቹ ልጅ ቢላዋውን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ ቀደምኳት።

«አንቺ ጋደም በይ» አልኳት።

ለአፍታ አየችኝና ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ጎኗን መሬት አስነካች። ሻይ አፍዪዋ የዓባያዋን እጅጌ ሰብስባ ሌላ ቢላዋ ተቀበለች። መላጥ ጀመርን። ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ፣ «ትናንት ዋሽተሽኝ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሥሩን አትቁረጪው፣ ዓይን ያቃጥላል» አለችኝና ቀጠለች።

የሥራ መግቢያችን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሣፋው ገና አልተጋመሰም፤ የሟቹ ልጅም ከአጠገባችን ከባድ ትንፋሽ እየተነፈሰች ተኝታለች። አልተነሳንም። ድምፅ እንዳይሰማ ልጣጩን ሣፋው ላይ ሳይሆን ቀሚሴ ላይ እያጠራቀምኩ መላጤን ቀጠልኩ።